የኮንሶ ጠራቢና የጥድ ግንድ



ስለ እንጨት ቅርጽ ጥበብ በተነገረ ቁጥር ሐሳብ ወደ ሩቅ አገር መሄዱ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ በደቡብ ኢትዮጵያ፥ በኮንሶ አገር፥ ጠራቢው ከአንድ ግንድ የሰውን መልክ ሲያወጣ ብዙ ትውልድ አልፏል። ይህ ሥራ ዋካ ይባላል።

ዋካ ለሁሉም ሰው አይቆምም። ጠላት የገደለ፥ አንበሳ ወይም ነብር የጣለ ጀግና ሲሞት ለመታሰቢያው ይቆምለታል። እርሱ በመካከል ይሆናል፤ በአጠገቡ ሚስቶቹ፥ ቀጥሎም የገደላቸው ጠላቶች መሣሪያ ሳይዙ ይሰለፋሉ፤ አውሬው ከሥር ይቀመጣል። ጀግናው በግንባሩ ከለቻ፥ ሚስቶቹ በአንገታቸው ጨሌ ይለያሉ። ስለዚህ የዋካ ረድፍ ፊደል ለማያውቅ ሰው እንኳ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ነው። አንዳንድ ሰዎች ጣዖት ብለውታል፤ ነገር ግን መታሰቢያ ነው እንጂ የሚመለክ አይደለም።

ጠራቢው ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው ጥድን ነው። ጥድ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ምስጥም በቀላሉ አይደፍረውም፤ ደጅ ለሚቆም ሥራ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቅርጹም የሚወለደው ከግንዱ ነው። ትከሻው ከግንዱ ውፍረት አያልፍም፤ ክንዱ ከጎኑ ብዙ አይርቅም፤ አካሉ እንደ ምሰሶ ይረዝማል። ይህን የችሎታ ጉድለት የሚል ሰው ቅርጹን እንጂ ዛፉን አላየም።

ኮንሶ ድንጋያማና ደረቅ አገር ስለሆነ፥ ሕዝቡም ተራራውን በድንጋይ እርከን እየካበ የሚያርስ ስለሆነ፥ ትልልቅ ጥድ በየስፍራው አይገኝም። በደንብ ተጠብቆ የቆየው ፖቀላ በሚባሉት የጎሣ መሪዎች ደን ውስጥ ነው፤ በዚያም እንደ ልብ መቁረጥ ክልክል ነው። በየሞራው፥ ማለት በመንደሩ አደባባይ፥ የሚተከለው የትውልድ ምሰሶም ጥድ ነው። በብዙ ስፍራ በየ18 ዓመቱ አንድ ይጨመርበታልና ሽማግሌዎች የመንደሩን ዕድሜ በምሰሶው ይቆጥራሉ።

ዋካ በዝናብና በፀሐይ እንዲያረጅ የተተወ ነው፤ የጠፋው ግን በእርጅና ብቻ አይደለም። ብዙ ዋካ ከመቃብር ላይ እየተነቀለ ለውጭ አገር ሰብሳቢዎች ተሽጧል። ብዙ ሰውም ሃይማኖቱን ስለለወጠ አዲስ ዋካ የሚያሠራ አነሰ፤ አሠሪ ሲያንስ ጠራቢም ያንሳል። ዩኔስኮ በ2003 ዓ.ም. የኮንሶን መልክዐ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ይህ ልማድ ሊጠፋ መቃረቡን አመልክቷል። ከሌባ የተያዙት በካራት ከተማ ሙዚየም ተቀምጠዋል። ሙዚየሙ መልካም አድርጓል፤ ነገር ግን ከረድፉ የተነጠለ ቅርጽ ሚስት መሆኑን በጨሌው ቢያሳይም የማን ሚስት እንደነበረች አይናገርም።

ይህን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ናቸው። የኮንሶ ተማሪ ገና በቆመው ዋካ ፊት አያቱን ይዞ ሄዶ የእያንዳንዱን ስም፥ የጠራቢውን ስም፥ ዛፉም ከየትኛው ደን እንደተቆረጠ ሊጽፍ ይችላል። ለዚህም አንድ ደብተርና እርሳስ ይበቃዋል።