በኮምፔርሳቶ ላይ ክብ ቀዳዳ ማውጣት



ዛሬ የምንነጋገረው በኮምፔርሳቶ ላይ ትልቅ ክብ ቀዳዳ ስለ ማውጣት ነው። “ይሄ ምን ያደርግልናል?” ትሉ ይሆናል። በዳሳችን በር ላይ የእጅ መታጠቢያ እንዲቆም ተስማምተን ነበር። ሳፋው በቀዳዳው ይገባል፤ ከንፈሩ ብቻ ከላይ ይቀራል። ያን ጊዜ ልጅም ሆነ በግ ቢነካው አይገለበጥም። በእናንተው መዋጮ አንድ ኮምፔርሳቶ ገዝተን፣ ከከተማ ተሸክመን አምጥተን ለሁለት ከፈልነው።

የመጀመሪያውን ግማሽ እኛው አበላሸነው። የሳፋውን አፍ ከዳር እስከ ዳር ለካን፤ 42 ሳንቲ ሜትር ሆነ። በዚያው ልክ ቆረጥን። ሳፋው ሾልኮ መሬት ወደቀ። አንድ አባት “ልጆቼ፣ የለካችሁት ከንፈሩን ነው ወይስ አንገቱን?” አሉን። አፈርን። ከንፈሩ በየጎኑ 2 ሳንቲ ሜትር ነው። ከ42 ላይ 4 ሲቀነስ 38 ይቀራል። መቁረጥ የነበረብን በ38 ነው።

ክብ ማስመሩን እናንተ ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ጎጆ ሲቀለስ መሐል ላይ ችካል ተተክሎ ዙሪያው በገመድ ይሰመራል። ይህም እንደዚያው ነው። ነገር ግን ገመድ ሲስቡት ይረዝማል፣ ሲላላ ያጥራል፤ ለቤት ግድ የለም፣ ለሳፋ ግን ግድ አለው። ስለዚህ በገመድ ፈንታ ቀጭን እንጨት እንያዝ። በአንድ ጫፉ ሚስማር እንምታ፤ ከዚያ 19 ሳንቲ ሜትር ርቀን ሌላ ሹል ሚስማር እንምታ። 19 የ38 ግማሽ ነው። አንዱን ሚስማር መሐል ላይ ተክሎ እንጨቱን ማዞር ነው።

ሹሉ ሚስማር ተጫን እየተደረገ ሦስት አራት ጊዜ ይዙር። ኮምፔርሳቶ ማለት ስስ እንጨት አንዱ በቁመት፣ አንዱ በአግድም ተነባብሮ በሙጫ የተጣበቀ ነው። የላዩ ልባስ አስቀድሞ ካልተበጣ መጋዙ ይሰነጥረዋል።

ከዚያ ከመስመሩ በስተውስጥ በትራፓኖ ይበሳና ቀጭን መጋዝ ይገባበታል። ሰፊ መጋዝ ክብ አይዞርም፤ አትድከሙ። መጋዙ ከመስመሩ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይሂድ፤ የቀረውን ሞረድ ይጨርሰዋል። የጠበበ ቀዳዳ በሞረድ ይሰፋል፤ የሰፋ ግን መመለሻ የለውም። ይህን በገንዘባችሁ ተማርነው። መቁረጡ ሊያልቅ ሲል አንድ ሰው እጁን ከመጋዙ አርቆ ክቡን ከሥር ይደግፍ። አለዚያ ክቡ በክብደቱ ተገንጥሎ ጠርዙን ይልጠዋል። በመጨረሻ ዳሩ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል።

የወጣው ክብ አይጣልም። ከተበላሸው ግማሽ የወጣው፣ የመሐሉ የሚስማር ቀዳዳ በእንጨት ተወትፎ፣ የውሃ ጋን ክዳን ሆኗል።

ነገ ጧት ሁለተኛውን ግማሽ እንቆርጣለን። የቀረን እሱ ብቻ ነው። እንጨቱን የሚያዞሩልን እኚያው የጠየቁን አባት ናቸው።