የበርበሬ ዥጉርጉር በሽታና የመስኖ ሥራችን

(በጅማ ከተማ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



መሐንዲስ ስለ ዕፅዋት በሽታ ሲናገር ከሙያው የወጣ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ የዛሬው ጉዳይ ከቦይ ሥራችን ጋር በቀጥታ የተያያዘ ስለሆነ በትዕግሥት እንድታዳምጡኝ እጠይቃለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጅማ ወደ ሰርቦ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ አንድ አነስተኛ የመስኖ ቦይ ነድፌ ነበር። ቡና በዓመት አንድ ጊዜ የሚለቀም በመሆኑ፣ ገበሬው እስከሚቀጥለው ለቀማ ድረስ ለቤቱ ወጪ የሚሆነውን ገንዘብ ከበርበሬ፣ ከቲማቲምና ከድንች እንዲያገኝ ታስቦ የተሠራ ነው። የመጀመሪያው በጋ ምርት ሁላችንንም አስደሰተን። በሦስተኛው ዓመት ግን የበርበሬው ቅጠል ቢጫና አረንጓዴ ተዥጎርጉሮ ተኮማተረ፤ ተክሉ ቀጨጨ፤ ፍሬውም አንሶና ተጣሞ ቀረ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ማሳቸውን እያሳዩኝ፣ «ልጄ፣ ውሃውን አንተ አመጣህልን፤ ይህንንስ ማን አመጣው?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

የሰብል ጥበቃ ባለሙያዎች አይተው በሽታው ቫይረስ መሆኑን ነገሩኝ። ይህን መሰል ጉዳት ከሚያደርሱት መካከል በዓለም ዙሪያ የታወቀው የድንች ቫይረስ ዋይ የሚባለው ነው። በአገራችንም ከእርሱ ጋር የሚዛመድ፣ የኢትዮጵያ የበርበሬ ዥጉርጉር ቫይረስ የሚል ስም የተሰጠው ሌላ ቫይረስ ተገኝቷል። የድንች ቫይረስ ዋይ በእንግሊዛዊው ኬኔት ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1931 የተገለጸ ሲሆን፣ በርበሬን፣ ድንችን፣ ቲማቲምንና ትምባሆን፣ እንዲሁም በየአጥሩ ሥር የሚበቅለውን አውጥ ያጠቃል። እነዚህ ሁሉ የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ናቸው።

ቫይረሱን ከተክል ወደ ተክል የምታሸጋግረው ክሽክሽ ናት። ይህች ደቃቅ ተባይ የታመመ ቅጠል ላይ አርፋ በመርፌ መሰል አፏ ለጥቂት ሴኮንዶች ከቀመሰች ቫይረሱ በአፏ ጫፍ ይጣበቃል፤ በርራ ሌላ ተክል ስትቀምስም እዚያ ታራግፈዋለች። በአፏ ላይ የሚቆየው ቢበዛ ለጥቂት ሰዓታት ነው። ሆኖም መርዝ ብንረጭ፣ መርዙ እስኪገድላት ድረስ ሥራዋን ፈጽማለች።

በቡና አገር የምንኖር ሰዎች በሽታ ሲነሳ ርጭት ማሰብ ይቀናናል። እ.ኤ.አ. በ1971 በአገራችን የታየው የቡና ፍሬ በሽታ በፈንገስ የሚመጣ በመሆኑ በርጭት ሊከላከሉት ይቻላል፤ ይበልጥ የጠቀሙት ግን በሽታውን ተቋቁመው የተመረጡት የቡና ዝርያዎች ናቸው። በቫይረስ የተያዘን በርበሬ በማሳው ላይ የሚያድን መድኃኒት ግን የለም። ገበሬዎቹ ለርጭት ያወጡት ገንዘብም ባክኖ ቀረ።

ታዲያ የእኔ ጥፋት የት ላይ ነበር? ቀድሞ በርበሬ የሚመረተው በዝናብ ስለነበር በበጋ ማሳው ባዶውን ይከርም ነበር። እኔ ያመጣሁት ውሃ ያንን ክፍተት ደፈነው። የበጋው በርበሬ ሳይነሳ የክረምቱ ችግኝ ከጎኑ በቀለ። ድልድይ መሥራት ሙያዬ ነውና፣ ሳላውቀው ለቫይረሱም ድልድይ ሠራሁለት። የውሃውን መጠንና የቦዩን ተዳፋት በጥንቃቄ ሳሰላ የሰብሉን ተራ አላሰላሁም።

ተመልሼ ሄጄ፣ «አባቴ፣ በሽታውን ባላመጣውም መንገዱን የከፈትኩለት እኔ ነኝ» አልኳቸው። «እንግዲያስ መዝጊያውንም አንተው አሳየን» አሉኝ።

መዝጊያው የሚከተለው ነው። አንደኛ፣ በርበሬው ተነስቶ ሌላ እስኪተከል ድረስ ከዚህ ቤተሰብ አንድም ተክል በማሳው እንዳይቆይ፤ አውጡም ገቦው ድንችም ይነቀል፤ በመካከሉ ሽንኩርት ወይም ቦሎቄ ይዘራ። ሁለተኛ፣ የችግኝ መደቡ ከአሮጌው ማሳ ርቆ በጥቅጥቅ መረብ ይሸፈን። ሦስተኛ፣ በማሳው ዙሪያ በቆሎ ቀድሞ ይዘራ፤ ክሽክሿ በቆሎውን ስትቀምስ የያዘችውን ቫይረስ እዚያ ትጥላለች፣ በቆሎም በዚህ ቫይረስ አይታመምም። አራተኛ፣ ቫይረሱ በድንቹ ውስጥ ስለሚተላለፍ የድንች ዘር ከታመመ ማሳ አይወሰድ።

ክሽክሽ ድንበር ስለማታውቅ ይህ ሁሉ የሚጠቅመው የአንድ ቦይ ተጠቃሚዎች ሲስማሙበት ብቻ ነው። የውሃ ተራ የሚያስጠብቁት የውሃ አባቶች የሰብል ተራንም እንዲያስጠብቁ ማድረግ ይቻላል። ስለዚህ ባልደረቦቼ፣ ወደፊት በምንነድፈው እያንዳንዱ የመስኖ ሥራ ላይ ከውሃው ስሌት ቀጥሎ የሰብሉ ተራ እንዲጻፍ አደራ እላለሁ።