የጾም መግቢያ በሰበካችንና የተበተኑት አባሎቻችን

(ጥር 24 ቀን 2018 ዓ.ም. በዕድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)

 

ባለፈው ዓመት በዚሁ ጉባኤ አንድ ሙስሊም ወንድማችን ስለ ረመዳን በሚገባ አስረድተውን ነበር። ዘንድሮ ተራው የካቶሊኮች ነውና ሁዳዴ በሰበካችሁ እንዴት እንደሚጀመር ንገረን ተብዬ ታዝዣለሁ። እኔ የጡረታ ሰው ነኝ፤ ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት ፋይል ሳወጣና ሳስገባ የኖርሁ፣ ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል ያላለፈ ስለ ሆነ የመምህር ስብከት ከእኔ አትጠብቁ። የማውቀውንና በዓይኔ ያየሁትን እነግራችኋለሁ። ንግግሬ መጨረሻው ላይ ከዛሬው አጀንዳ ከአራተኛው ነጥብ ጋር ይገናኛልና እስከዚያው ታገሡኝ።

በዚህ ሰፈር ስኖር አንድ ጥያቄ ተለይቶኝ አያውቅም፤ «እናንተ ካቶሊኮች ትጾማላችሁ እንዴ?» የሚል። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ እንኳ የጠየቁኝ አሉ። መልሱ እንጾማለን ነው። ነገር ግን ሁላችንም በአንድ ዓይነት አይደለም። በአገራችን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ሥርዓት አለ። አዲስ አበባ፣ ዓዲግራት፣ እምድብር፣ ባሕር ዳርና ደሴ በግዕዝ ሥርዓት ይሄዳሉ፤ ከበሮውም ጽናጽሉም ቅዳሴውም እናንተ የምታውቁት ዓይነት ነው። ሐዋሳ፣ ሶዶ፣ ሆሳዕና፣ ሐረር፣ መቂና ነቀምቴ ደግሞ የላቲን ሥርዓት ይከተላሉ። በዕድራችን ውስጥ ከሁለቱም ወገን አለን።

በግዕዝ ሥርዓት ያለነው ሁዳዴን የምንይዘው ከኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን ጋር በአንድ ሰኞ ነው። ነገ ነነዌ ይገባል፤ ከዚያ ሁለት ሳምንት ቆጥሮ የካቲት 9 ቀን ሰኞ ዓቢይ ጾም ይጀመራል። 55 ቀን ሞልቶ ሚያዝያ 4 ቀን ፋሲካ ይሆናል። የመጀመሪያው ሳምንት ዘወረደ ይባላል፤ ጾመ ሕርቃልም ይሉታል፤ በሰባተኛው መቶ ዓመት የጌታን መስቀል ከፋርስ እጅ ባስመለሰው በንጉሥ ሕርቃል ስም ማለት ነው። የላቲኖቹ ጾም የሚገባው በረቡዕ ነው። በዚያን ዕለት ካህኑ የአምናውን የሆሳዕና ዘንባባ አቃጥሎ ባዘጋጀው አመድ ምእመናኑን ግንባራቸው ላይ ምልክት ያደርግላቸዋል። ከዚያ ረቡዕ እስከ ፋሲካ 46 ቀን ነው፤ ስድስቱ እሑዶች ሲቀነሱ 40 ይቀራል።

ፋሲካን ግን በአገራችን ያለን ካቶሊኮች ከአገሩ ሕዝብ ጋር ነው የምናከብረው። ዘንድሮ የሮም ፋሲካ የሚውለው መጋቢት 27 ቀን ነው፤ እኛ በዚያ ቀን ገና ሆሳዕናን እናከብራለን። አምና በ2017 ዓ.ም. ግን ሁለቱ ገጥመው ሚያዝያ 12 ቀን በአንድነት ውለዋል። ዘንድሮ ደግሞ የረመዳን ጾም ሁዳዴ በሚገባበት ሳምንት ይገባል ተብሎ ይጠበቃል። እንግዲህ በዚህ ሰፈር የካቲት አጋማሽ ላይ ቀን ምሳ የሚበላ ሰው ማግኘት ሊቸግር ነው!

የላቲኑ ሕግ ስለ ጾም የሚያዘው ከእኛ ይቀላል። አንድ ሙሉ ማዕድ ብቻ ተበልቶ የሚጾምበት ግዴታ ሁለት ቀን ነው፤ የአመዱ ረቡዕና ዓርብ ስቅለት። ከሥጋ መከልከል ከ14 ዓመት ጀምሮ ነው፤ ጾሙ ደግሞ ከ18 እስከ 59 ዓመት ነው። እኔ በዚያ ሕግ ብተዳደር ኖሮ ከመንግሥት ሥራም ከጾምም ጡረታ ወጥቼ ነበር። ባለቤቴ ግን እንዲህ ያለውን ጡረታ አትቀበልም፤ ሽሮውን ታቀርባለች፣ እኔም እበላለሁ።

አሁን ስለ ሰበካችን ልናገር። ከሁዳዴ በፊት ያለው ሳምንት ቅበላ ነው፤ ይህን ማንም ያውቀዋል። ቅርጫ ይገባል፣ ሠርግም በጥርና በየካቲት መጀመሪያ ይታጨቃል፤ በጾም ሠርግ የለምና። በዚህ ሁሉ መካከል የሰበካው ጉባኤ ተሰብስቦ የጾሙን ሥራ ያከፋፍላል። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሚደረገውን ፍኖተ መስቀል ማን እንደሚመራ ይወሰናል፤ ይህ ጸሎት ከጲላጦስ ፍርድ እስከ መቃብር ያሉትን 14 ማረፊያዎች እየተዘዋወሩ የሚጸለይበት ነው። ንስሐ የሚገቡ ሰዎች በመጨረሻው ሳምንት ተጨናንቀው እንዳይመጡ አባ አስቀድመው ያስታውቃሉ፤ ሰው ግን ይኸው በመጨረሻው ሳምንት ነው የሚመጣው። የተጣሉ ሰዎች ካሉም ሽማግሌ ይመደብላቸዋል። ይህን የዕድራችን ሽማግሎችም በሚገባ ስለሚያውቁት አላስረዝመውም።

የጾሙ ምጽዋት ጉዳይ ግን ትንሽ ልቆይበት። ድሮ ጾም ሲገባ የቤት ወጪ ይቀንስ ነበር። ዛሬ ዘይቱ፣ ምስሩና አትክልቱ ከሥጋው ባልተናነሰ ኪስ ያራቁታል። እንዲያውም አንዳንዱ ቤት የጾም በያይነቱ ከፍስኩ ወጥ በልጦ ይታያል፤ ይህ እንደ እኔ አስተያየት ጾም ሳይሆን የወጥ ለውጥ ነው። ስለዚህ በሰበካችን ለየቤተሰቡ አንዳንድ ፖስታ ይታደላል። ምሳ የዘለለ የምሳውን፣ ቡና የተወ የቡናውን እዚያ እያኖረ በሆሳዕና ያመጣዋል። ስም አይጻፍበትም። እኔ የመዝገብ ቤት ሰው ስለ ሆንሁ ስም የሌለው ወረቀት አልወድም ነበር፤ ይህን ግን ወድጄዋለሁ። ገንዘቡ የሚውለው ለታመሙ፣ ለኪራይ ለቸገራቸውና ለቀብር ነው።

ቀብር ካልሁ ዘንድ ለዕድራችን ሹሞች የሚጠቅም ነገር ልናገር፤ ለቅሶ ላይ ግራ መጋባት አይቻለሁና። በላቲን ሥርዓት በዓቢይ ጾም እሑዶች፣ በጸሎተ ሐሙስ፣ በስቅለትና በቅዳሜ ሹር የቀብር ቅዳሴ አይቀደስም። ሰው በእነዚህ ቀኖች ቢሞት ጸሎትና ንባብ ተደርጎ ይቀበራል፤ ቅዳሴው በሌላ ቀን ይደረግለታል። ይህን የማያውቅ ሰው «ያለ ቅዳሴ ቀበሩት፣ ምን አጥፍቶ ይሆን?» ይላል። ምንም አላጠፋም። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ፣ በዚያ ሳምንት ለሚሞቱ ሁሉ በሆሳዕና ዕለት አስቀድሞ ይጸለያል። እናቶቻችን በሆሳዕና ለፍትሐቱ ቆመው የሚጠብቁት ለዚህ ነው። ስለዚህ የዕድራችን ጸሐፊ በጾም ጊዜ ለቅሶ ሲደርስ ሰዓቱን ለጥሩምባ ነፊው ከመስጠቱ በፊት ካህኑን ቢጠይቅ መልካም ነው። አለዚያ ድንኳን ተተክሎ፣ ንፍሮ ተቀቅሎ፣ ሕዝብ ተሰብስቦ አስከሬን ሲጠበቅ ይዋላል።

እንግዲህ ወደ አራተኛው ነጥብ መጣሁ።

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሲጀመር ከፒያሳና ከአራት ኪሎ አካባቢ ብዙ ቤት መነሣቱን ታውቃላችሁ። ከእኛም ሰፈር የተነሡ አሉ። ገላን ጉራ የሄዱ አሉ፣ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም የገቡ አሉ፣ ኮዬ ፈጬ ከልጆቻቸው ጋር የተጠጉ አሉ። ሰበካችን ይህን ያየው ወንበሩ ባዶ ሲሆን ነው። ዓርብ ለፍኖተ መስቀል የሚመጡት አሮጊቶች ከአራብሳ ሁለት ታክሲ ቀይረው መምጣት አይችሉም። ቢመጡም ጸሎቱ ሲያልቅ ይመሽባቸዋል። ጉልበት ያለው ወጣት እዚያው አካባቢ ያለ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ ሽማግሌው ግን አዲስ ሰበካ መልመድ ይከብደዋልና ቤቱ ይቀራል።

ስለዚህ አምና በጾም መግቢያ የሰበካው ጉባኤ የድሮውን መዝገብ አውጥቶ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለት ሁለት ሰው እየሆነ የተበተኑትን እንዲጠይቅ ተወሰነ። እኔም አድራሻ መፈለግ ሥራዬ ነበርና ተመደብሁ። ብሎክ ቁጥር ይዞ ሰው መፈለግ ቀላል አይደለም! አንዳንዱን በስልክ፣ አንዳንዱን በልጁ ትምህርት ቤት፣ አንዲቱን እናት ደግሞ በጉሊት ነጋዴዎች ጥቆማ ነው ያገኘናት። አራተኛ ፎቅ ላይ ነበረች። ጉልበቷን ስለሚያማት ከወጣች ወር አልፏታል። «እኔን ደግሞ ማን ያስታውሰኛል ብዬ ነበር» አለችና አለቀሰች። አባ በሳምንቱ ቁርባን ይዘውላት ሄዱ።

ከሁሉ የከበደብን ግን ሌላ ነው። በመዝገባችን የነበሩ አንድ አባት ቤታቸው ስንደርስ ካረፉ ሁለት ወር ሆኗቸው ነበር። እኒህ ሰው የሰበካው ምእመን ብቻ ሳይሆኑ የዚህ ዕድር አባል ነበሩ። 26 ዓመት ከፍለዋል፤ ካርኒያቸውን ልጃቸው በፌስታል አስሮ አሳየን። ሲሞቱ አዲሶቹ ጎረቤቶች፣ የማያውቋቸው ሰዎች፣ እግዚአብሔር ይስጣቸውና አዋጥተው ቀበሯቸው። ልጁ ለምን አልጠራችሁንም ስንለው፣ «አባቴ አምስት ወር አልከፈለም ነበር፤ ተሰርዟል ብዬ አፈርሁ» አለን። በመዝገቡ ላይ ግን ገና አልተሰረዙም ነበር። ስማቸው ዛሬ በአጀንዳ አራት ላይ ከሚሰረዙት ሠላሳ ያህል ስሞች መካከል አለ። የሞተ ሰው ልንሰርዝ ነው ማለት ነው።

መተዳደሪያ ደንባችን ሦስት ወር ያልከፈለ ይሰረዛል ይላል። ደንቡን አውቀዋለሁ፤ ሲጻፍ ነበርሁ። ደንቡ በተጻፈ ጊዜ ያልከፈለ ሰው ማለት በር አልፈን የምናገኘው፣ ሰነፍ ወይም እልኸኛ ሰው ነበር። አሁን ያልከፈለው ሰው ለማን እንደሚከፍል ያጣ ነው። ወርኃዊ ክፍያ የምንሰበስበው እሑድ ጠዋት እዚሁ ድንኳን ማስቀመጫው ደጃፍ ነው፤ ከገላን ጉራ ለመምጣት የታክሲው ሒሳብ ከክፍያው ይበልጣል።

ገንዘብ ያዣችን ያነሡትን ተቃውሞ አልንቀውም። «አራብሳ ድረስ ድንኳንና አግዳሚ በመኪና ልንጭን ነው ወይ? ዕድሩ ይከስራል» ብለዋል። እውነት ነው፤ ይከስራል። እኔም ድንኳን ይጫን አልልም። እዚያ አዲስ ዕድር አለ፣ ድንኳን አለ፣ ጎረቤት አለ። የእኛ ዕድር ለሟች ቤተሰብ የሚሰጠውን ገንዘብ ብቻ ይስጥ። ሁለተኛ ዕድር የገባ ሰው እዚህ ግማሽ ይክፈል፣ ግማሽም ይቀበል። ይህ ለእኔ ትክክል ይመስለኛል። «አንዱን እግር እዚህ አንዱን እዚያ አድርጎ አባልነት የለም» የሚሉ ሽማግሌ አሉ፤ አከብራቸዋለሁ፣ ግን አልስማማም። ሰዎቹ ሰፈር የቀየሩት በፈቃዳቸው አይደለም።

ስለዚህ የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። የስም ስረዛው እስከ ዳግማይ ትንሣኤ፣ ማለት እስከ ሚያዝያ 11 ቀን ይቆይ። በእነዚህ የጾም ሳምንታት ከኦርቶዶክስ፣ ከሙስሊም፣ ከፕሮቴስታንትና ከካቶሊክ አንዳንድ ሰው ተመርጦ ሠላሳውን ስም በየአድራሻው ይፈልግ። የተገኘው ውዝፉን በየወሩ እየከፋፈለ ይክፈል። መክፈል የማይችል ካለ የሰበካችን ጉባኤ ከጾሙ ፖስታ የካቶሊኮቹን ውዝፍ ለመክፈል ተስማምቷል፤ የሌላውን ሃይማኖት ሰው ይለያል ወይ ብትሉኝ፣ አባን ጠይቄአቸው «ዕድር ውስጥ ምን መለየት አለ?» ብለውኛል። የሞቱት አባት ቤተሰብ ደግሞ የሚገባው ገንዘብ ዘግይቶም ቢሆን ይሰጠው።

ሊቀ መንበሩ ድምፅ ይሰጥበት ካሉ እኔ የጻፍሁትን ለጸሐፊው አስረክቤአለሁ። ጉባኤው ከፈቀደ የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ቦሌ አራብሳ ነው፤ በቅድስት እሑድ፣ የካቲት 15 ቀን፣ ከቀኑ በ6 ሰዓት እዚሁ ደጃፍ እንገናኛለን። ደረጃ መውጣት የሚችል ወጣት ሁለት እፈልጋለሁ፤ ስልክ ያለው፣ ጉልበቱም ደህና የሆነ። ስማችሁን ከስብሰባው በኋላ በመውጫው በር ለተቀመጠው ጸሐፊ አስመዝግቡ።