ብሩ የት ገባ? በፍቺ ጊዜ ሂሳብ ስለማስመርመር

(በማህበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ሊቀመንበራችን እንድናገር የጠየቁኝ ስለ ቁጠባ ነበር። ባለፈው ወር ግን አንዲት እህታችን ቡና ላይ "ሃያ ዓመት አብረን ነግደን፣ አሁን ሱቁ ዕዳ ብቻ ነው ያለው ይለኛል" ስትል ሰማሁና ርዕሱን ቀየርኩት። ይቅርታ ይደረግልኝ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በዲፕሎማ እንደተመረቅሁ የተቀጠርኩት አንድ የግንባታ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ሂሳብ ያዥ ሆኜ ነው። አንድ ቀን ባለቤቱ ጠሩኝና "ከወንድሜ 800,000 ብር ተበድሬ ነበር፣ ሳይመዘገብ ቀርቷል" ብለው ከሁለት ዓመት በፊት ባለ ቀን እንድመዘግበው አዘዙኝ። መዘገብኩት። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ እናቴም የምትኖረው በእኔ ደመወዝ ነበር። ሚስታቸው ለፍቺ ፍርድ ቤት መቆማቸውን የሰማሁት ከወራት በኋላ ነው። ያ ዕዳ ከጋራ ሀብቱ ላይ ተቀነሰ። ሴትዮዋ ደብተሩን የሚያይላቸው ሰው አላመጡም። "እኔ ሂሳብ አላውቅም" ብለው ተቀበሉ።

የሚያውቅ ሰው ቢያየው ኖሮ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም ነበር። 800,000 ብር ከገባ የገባበት ቦታ መኖር አለበት፤ በዚያ ሰሞን በባንክ ሂሳቡ ላይ እንዲህ ያለ ገቢ የለም፣ የተገዛበት ዕቃም የለም። የገቢ ደረሰኙ ቁጥር ከአዲሱ ፓድ የተቆረጠ ነው፤ ቀኑ ግን የድሮ። ለብድሩ አንድም ጊዜ ክፍያ አልተፈጸመም። ወንድምየውስ ያን ያህል ብር ከየት አመጡ?

ይህን ሁሉ የሚጠይቀው ሰው ነው እንግዲህ በውጭ አገር ፎረንሲክ አካውንታንት የሚባለው። እኔ ሂሳብ መርማሪ እለዋለሁ። መደበኛው ኦዲተር በደብተሩ ላይ የተጻፈው በአግባቡ መጻፉን ያያል፤ መርማሪው ደግሞ ያልተጻፈውን ይፈልጋል። እኔ መርማሪ አይደለሁም፣ ትምህርቴም ለዚያ አያበቃኝም። ባለሙያ ስትቀጥሩ ከኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ፈቃድ ያለው መሆኑን ጠይቁ።

ሕጉ ከምናስበው በላይ ከእኛ ጋር ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213 በአንቀጽ 63 እንደሚለው፣ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም እንኳ የግሉ መሆኑን ካላስረዳ በቀር የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ "ካርታው በስሙ ነው" ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ከጋብቻ በፊት የነበረው፣ በውርስ ወይም በስጦታ የመጣው የግል ነው፤ ከዚያ የግል ንብረት የሚገኘው ኪራይ ግን የጋራ ነው። ይህችን ብዙ ሰው አያውቃትም። የጋራ የሆነ ቤት ያለ እናንተ ስምምነት ከተሸጠ ደግሞ፣ ባወቃችሁ በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ሽያጩ በተፈጸመ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ መጠየቅ ይቻላል። አዋጁ የሚሠራው ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነው። ብዙ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው፣ የክልላችሁን ጠይቁ።

መርማሪው የት ነው የሚፈልገው? እኔ ብሆን መጀመሪያ የማየው ከባንክ ብድር የጠየቀበትን ፋይል ነው። ነጋዴ ግብር ቢሮ ሲሄድ ድሃ ነው፣ ባንክ ሲሄድ ሀብታም ነው። (ሳቃችሁን አያችሁ? ሁላችንም እናውቀዋለን።) ብድር ሲጠይቅ ገቢዬ ይህን ያህል ነው ብሎ የፈረመበት ወረቀት፣ ፍርድ ቤት ቀርቦ "ሱቁ ከስሯል" ካለው ጋር ጎን ለጎን ይቀመጣል። ቀጥሎ የባንክ አክሲዮን አለ። ስንት ቤተሰብ ነው ከዓመታት በፊት ገዝቶ የረሳው! ትርፉ ደግሞ ወደ ካፒታል እየዞረ አክሲዮኑን ያሳድገዋል። ዕቁብም አለ። በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀን ተመሳሳይ ብር ከሂሳቡ ከወጣ አንድ ቦታ እየተጠራቀመ ነው፤ የዕቁቡን ጸሐፊና ዳኛ በምስክርነት ማስጠራት ይቻላል። መጋዘኑን መቁጠርም አይቀርም። ፍቺው እንደተሰማ ዕቃው ድንገት ወደ ወንድም ሱቅ "በዱቤ" የሚሄድበት ጊዜ አለ።

የባንክ ስቴትመንቱን እናንተ ሄዳችሁ ብትጠይቁ አይሰጧችሁም፤ ትዕዛዙን የሚጽፈው ፍርድ ቤቱ ነው። ጠበቃችሁ በጊዜ ያመልክት፤ ንብረቱ እንዳይሸጥም አብሮ እግድ ይጠይቅ። ፍርድ ቤቱ ራሱም ሂሳብ የሚያጣራ ባለሙያ ሊሾም ይችላል። እናንተ ቤት ውስጥ ያለውን ደረሰኝ፣ የአክሲዮን ወረቀት፣ የድሮ ውል ፎቶ አንሱ። የሰው ስልክ ሰብሮ መግባት ግን አይገባም፤ ከጥቅሙ ጣጣው ይበዛል።

አሁን ደስ የማይለውን ልናገር። የተደበቀ ገቢ ፍርድ ቤት ላይ ሲወጣ ግብር ያልተከፈለበት መሆኑም አብሮ ይወጣል። ግብሩና ቅጣቱ ደግሞ የጋራ ዕዳ ሆኖ ከመከፋፈሉ በፊት ሊቀነስ ይችላል። በንግድ ፈቃዱ ላይ የእናንተም ስም ካለ፣ ወይም ሳታነቡ የፈረማችሁበት ወረቀት ካለ፣ ጥያቄው ወደ እናንተም ይመጣል። ይህን ከጠበቃችሁና ከባለሙያው ጋር ቁጭ ብላችሁ ሳታሰሉ አትጀምሩ። አንዳንዴ በሽማግሌ ፊት ማስረጃውን አሳይቶ መስማማት የተሻለ ብር ያመጣል።

ለሁሉም ሰው አስፈላጊ ነውም አልልም። ሁለታችሁም ደመወዝተኛ ሆናችሁ ያላችሁ አንድ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ለመርማሪ የምትከፍሉት ብር ለልጆቹ ይዋል። ንግድ ካለ፣ ከዘመድ የመጣ ዕዳ ድንገት ከተወለደ፣ ወይም ኑሮው ከሚነገረው ገቢ ጋር ካልተገናኘ ግን አስመርምሩ። ክፍያውንም በየሥራው እንጂ በደፈናው አትዋዋሉ፤ መጀመሪያ የሦስት ዓመት ስቴትመንት ብቻ ያይና ምን እንዳገኘ ይንገራችሁ።

ያንን መሥሪያ ቤት በዓመቱ ለቀቅሁ። ሴትዮዋን አንድ ጊዜ ታክሲ ሰልፍ ላይ አይቻቸዋለሁ፤ አላወቁኝም፣ እኔም ቀርቤ አልነገርኳቸውም።

ሐሙስ ሐሙስ ከ11 ሰዓት በኋላ ማህበሩ ቢሮ እገኛለሁ። ወረቀታችሁን በፌስታል ይዛችሁ ኑ፣ በዓመት በዓመት እናደራጀዋለን፤ የተደራጀ ወረቀት የባለሙያውንም ክፍያ ይቀንሳል። ለእኔ ምንም አትከፍሉም፤ ምክንያቱን ነግሬያችኋለሁ።