ክረምት ሳይገባ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በገንዘብ ያዥዋ የቀረበ ንግግር)



በመርሐ ግብሩ ላይ እንደተጻፈው የእኔ ድርሻ የሒሳብ ሪፖርት ማቅረብ ነው። ሪፖርቱ ታትሞ በእጃችሁ ገብቷል፤ ማንበብ ለማይችሉ እናቶችም በየቡድናቸው ጸሐፊ ተነቦላቸዋል። ስለዚህ ሰብሳቢያችንን አስፈቅጄ፣ የተሰጠኝን ጊዜ በሪፖርቱ ውስጥ ላልተጻፈ ጉዳይ ላውለው ነው። ጉዳዩ የጣራና የግድግዳ ጉዳይ ነው።

ሁለት ዓመት ሆነው። በየካቲት ወር አንዲት እናት ብድር ሊጠይቁ ወደ ቢሯችን መጡ። አሁንም እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ እንድናገረው ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን አልጠራም። የጠየቁት ብዙ አልነበረም። አምስት ቆርቆሮ፣ ምስማር፣ በጓሮ በኩል ያለውን ግድግዳ እግሩን ለማስመረግ ጭድና የሠራተኛ ክፍያ። መተዳደሪያ ደንባችን ብድር የሚሰጠው ለንግድ፣ ለሕክምናና ለልጆች ትምህርት ነው ይላል። ደንቡን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። አንብቤም ዝም አላልኩም፤ «እማማ፣ ቤት እኮ አያተርፍም፤ በምን ይመልሱታል?» አልኳቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው «እውነትሽን ነው ልጄ» ብለውኝ ወጡ።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ግድግዳው ሌሊት ወደቀ። ወደ ውጭ በመውደቁ ነፍስ አልጠፋም፤ ፈጣሪ ይመስገን። ከግድግዳው ጀርባ ያለው ክፍል ግን የተከራየ ነበር። ተከራይዋ በማግስቱ ልጇንና ዕቃዋን ይዛ ወጣች። የእኚያ እናት ጤፍ፣ የመብራት ሒሳብና የደም ግፊት መድኃኒት የሚሸፈነው በዚያች ክፍል ኪራይ ነበር። ከመስከረም ጀምሮ ለሰባት ወር የቁጠባ መዝገባቸው ላይ ምንም አልተጻፈም። መዝገቡን የምይዘው እኔ ስለሆንኩ በየወሩ ባዶውን መስመር አይቼዋለሁ። ቤት እንደሚያተርፍ የተማርኩት ቤቱ ከወደቀ በኋላ ነው።

እህቶቼ፣ ከመካከላችን የራሷ ቤት ያላት አሮጊት ብዙ ጊዜ «ባለ ንብረት» ተብላ ትታለፋለች። እርዳታ ሲመዘገብ «አንቺማ ቤት አለሽ» ትባላለች። እውነት ነው፣ አለን። ብዙዎቻችን ያለን ቤት ግን ከ40 ዓመት በፊት በባህር ዛፍና በጭቃ የተሠራ ነው። ምሰሶው ምስጥ በልቶታል፣ ቆርቆሮው ዝጓል። ያኔ ያሠራነው በባሎቻችን ደመወዝ ነው፤ ዛሬ የምናድሰው በጡረታ ነው። ለሟች ሚስት የሚከፈለው ደግሞ የባሏ የጡረታ አበል ግማሽ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ስለ ራሴ ልናገር። እኔ የምገዛውን ነገር ደረሰኝ አልጥልም፤ ገንዘብ ያዥ ያደረጋችሁኝም ለዚህ ይመስለኛል። በ2009 ዓ.ም. ኩሽናዬን ሳስከድን የአንድ ወር የጡረታ ገንዘቤ ሰባት ቆርቆሮ ገዝቶልኝ ነበር። አምና ለዚያው ጣራ መጠገኛ ስሄድ፣ አበሉ በመሐል ተጨምሮልኝ እንኳ፣ ሁለት ገዝቶ ለምስማሩ አልበቃም።

ይህ የሆነው ነጋዴ ሁሉ ስለከፋ ብቻ አይደለም። ቆርቆሮው እዚሁ አገር ቢታጠፍም ብረቱ የሚመጣው ከውጭ በዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ ወደ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር፣ ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። ሲሚንቶ አገር ውስጥ ይመረታል፤ ነገር ግን ከፋብሪካ ሰፈራችን የሚደርሰው በመኪና ነው። ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሳ የጭነት ዋጋ አብሮ ወጣ። የቀን ሠራተኛውም ልጆች አሉት፤ እሱም የሚገዛው ጤፍ ተወዷል። ሁሉም በየበኩሉ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱ ሁሉ ተደምሮ የሚያርፈው ግን አሮጊቷ ጣራ ላይ ነው።

በእኛ ላይ ደግሞ ከዋጋው ሌላ የሚጨመር አለ። ወጣት ባለ ቤት ቆርቆሮዋን ራሷ ተሸክማ ትገባለች፤ ባሏ ወይም ወንድሟ መሰላል ላይ ይወጣል፤ ጭቃውን ከጎረቤት ጋር ሆነው ያቦካሉ። እኛ ለማሸከሚያ እንከፍላለን፣ ለማቡኪያ እንከፍላለን፣ አንድ ምስማር ለመምታትም እንከፍላለን። ልጆቻችን ቤይሩትና ዱባይ፣ ሪያድና ዋሽንግተን ናቸው። እነሱ የላኩትን ብር ይዘን ስንወጣ አናጢው ሽበታችንን አይቶ ዋጋ ይቆርጣል። ቀብድ ተቀብሎ የጠፋባት እጇን ታውጣ ብል ስንት እጅ እንደሚወጣ አውቃለሁ። የእኔም እጅ ይወጣል።

የወረቀቱም ጉዳይ አለ። ለእድሳት ፈቃድ ሲጠየቅ የይዞታ ማረጋገጫው መታየቱ አይቀርም። የብዙዎቻችን ካርታ በሟች ባሎቻችን ስም ነው። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ሳናወጣ፣ ስሙን ሳናዛውር ዓመታት አልፈዋል፤ ልጆች እንዳይጣሉ ብለን፣ ወይም ነገ ዛሬ ስንል። ጣራው ሲያፈስ ነው ወረቀቱ የሚታወሰን፤ ዝናብ ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅም። የቀበሌ ቤት የያዙ እህቶቻችንም ከዚህ አያመልጡም። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ በመንግሥት እጅ የገቡት ቤቶች ዛሬ ከእኛ ጋር አርጅተዋል። ኪራያቸው ትንሽ ነው፤ የሚፈሰው ውሃ ግን ከሌላው ጣራ አያንስም።

አንዳንዶቻችሁ «አካባቢያችን ለልማት ይነሳ ይሆናል፤ ነገ ለሚፈርስ ቤት ለምን ገንዘብ አፈሳለሁ?» ትላላችሁ። ስጋቱ ከንቱ ነው አልልም። ነገር ግን መቼ እንደሚነሳ እስኪታወቅ ድረስ የምናድረው እዚያው ነው። ስለዚህ ለቅንጦት አናውጣ፤ ጤናችንንና የኪራይ ገቢያችንን ለሚጠብቀው ለጣራውና ለግድግዳው እግር ግን እናውጣ።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ለልጄ ሠርግ ሳሎኑን ቀለም አስቀባሁ፣ ኮርኒሱን አስቀየርኩ። የተሰበረውን አሸንዳ ግን «በኋላ» ብዬ ተውኩት። በክረምቱ ከአሸንዳው የሚወርደው ውሃ የግድግዳውን እግር እየመታ አራሰው። ጥቅምት ላይ አዲሱ ቀለም ከነልስኑ እየተቀረፈ ወረደ። ከዚያ ወዲህ የሚያድስልኝን ግንበኛ ሁሉ ስጠይቅ የተማርኩት ይህን ነው፤ ጭቃ ቤት ውሃ የሚገባው ከላይ ነው፣ የሚወድቀው ግን ከእግሩ ነው። ስለዚህ የሥራው ቅደም ተከተል ጣራ፣ ቀጥሎ አሸንዳ፣ ቀጥሎ ውሃውን ከቤት የሚያርቅ ቦይ፣ ቀጥሎ የግድግዳው እግር ነው። ልስንና ቀለም መጨረሻ ነው። ገንዘቡ በመሐል ቢያልቅ እንኳ የቀረው ጌጡ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ቆርቆሮ ስትገዙ ጌጁን ጠይቁ። ቁጥሩ ሲያንስ ውፍረቱ ይጨምራል፤ 28 ከ32 ይወፍራል። ርካሽ ተብሎ የሚሰጣችሁ ብዙ ጊዜ የሳሳው ነው። ሦስተኛ፣ ከሠራተኛ ጋር ስትዋዋሉ በወረቀት ይሁን፤ ሁለት ምስክር ይፈርም። ዕቃውን ራሳችሁ ግዙ፤ የእጅ ዋጋውን ደግሞ ሥራው ሲጀመር፣ ሲጋመስና ሲያልቅ ከፋፍላችሁ ክፈሉ። አራተኛ፣ አናጢ ስታነጋግሩ ብቻችሁን አትሁኑ። ሁለት ሴቶች ሆነው ሲጠይቁ የሚሰማው ዋጋና አንዲት ብቻዋን ስትጠይቅ የሚሰማው ዋጋ አንድ አይደለም። ይህን በራሴ አይቼዋለሁ።

አሁን ወደ ተነሳሁበት ልመለስ። ለዚህ ጉባኤ የማቀርበው ሐሳብ ደንባችን ይሻሻል የሚል ነው። ብድር ከሚሰጥባቸው ምክንያቶች አንዱ የቤት ጥገና ይሁን። ከዋናው ቁጠባ ሳይነካ ለብቻው የሚያዝ የጥገና ሣጥን ይከፈት። እያንዳንዷ ፈቃደኛ አባል በየወሩ የምትችለውን ትጨምር። ብድሩ ትንሽ ይሁን፤ ለጣራ፣ ለአሸንዳ፣ ለቦይና ለግድግዳ እግር ብቻ ይዋል። በየዓመቱ በየካቲት ሦስት አባላት ከአንድ አናጢ ጋር የጠየቀችውን ሁሉ ቤት ይዩ፤ ዕቃው በአንድ ላይ በጅምላ ይገዛ፤ ሥራው ከግንቦት በፊት ይለቅ።

ኮሚቴው ውስጥ ይህን ሳነሳ አንዲት እህት ጥሩ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «እኔ ተከራይ ነኝ። ቤት ላላት ሴት ቤት ማደሻ ለምን አዋጣለሁ?» አለችኝ። ያን ቀን መልስ አልነበረኝም። አስቤበት ዛሬ የምመልሰው እንዲህ ነው። አንደኛ፣ ሣጥኑ የውዴታ ነው፤ ማንም አትገደድም። ሁለተኛ፣ ገንዘቡ ስጦታ ሳይሆን የሚመለስ ብድር ነው። ሦስተኛ፣ ከአባሎቻችን ብዙዎቹ ተከራዮች የሚኖሩት በአባሎቻችን ግቢ ነው። ያ ግድግዳ ሲወድቅ ቤት ያጣችው ባለቤቷ ብቻ አልነበረችም፤ ልጅ ይዛ ሌሊቱን በረንዳ ላይ ያነጋችው ተከራይዋ ነች። ስለዚህ በሣጥኑ ያደሰች አባል ብድሩን ከፍላ እስክትጨርስ ኪራይ እንዳትጨምር በውሉ ይጻፍ። ይህን የጨመርነው በዚያች እህት ጥያቄ ነው፤ ስለጠየቀችም አመሰግናታለሁ።

ለለጋሾቻችንም አንድ ቃል አለኝ። በክረምት በጎ ፈቃድ የአረጋውያን ቤቶች ሲታደሱ አይተናል፤ ብዙ እናቶችም መርቀዋል። እኛ የምንለምነው ጊዜውን ነው። በሐምሌ የሚመጣ ገንዘብ የወደቀ ቤት ያነሳል፤ በየካቲት የሚመጣ ገንዘብ ቤቱ እንዳይወድቅ ያደርጋል፤ ሁለተኛው በጣም ያነሰ ነው። አንድ ቤት ከመሠረቱ አፍርሶ ለመሥራት በሚወጣው ገንዘብ የብዙ ቤቶችን ጣራና አሸንዳ ማዳን ይቻላል። ለፎቶ አይመችም፤ የተጠገነ አሸንዳ ማንም ቆሞ አያየውም። ሳይቃጠል በቅጠል ያለው አባታችን ግን ይህን አውቆ ነው።

ሣጥኑ ሁሉንም ይፈታል እያልኩ አይደለም። ምሰሶው ጨርሶ የበሰበሰን ቤት በእኛ ብድር ማዳን አይቻልም፤ ለዚያ ከወረዳው፣ ከእድሩና ከለጋሾች ጋር መነጋገር ይኖርብናል። የሲሚንቶንም ዋጋ አናወርድም። ማድረግ የምንችለው አምስት ቆርቆሮ የቸገራት እናት አምስት ቆርቆሮ እንድታገኝ ነው።

እኚያ እናት ግድግዳቸው ዛሬ ቆሟል። የእድራቸው ሰዎች እንጨት ሰጡ፣ የሰፈሩ ወጣቶች ጭቃ አቦኩ፣ ልጃቸው ከቤይሩት ለቆርቆሮ ላከች። ያወጡት ሁሉ ሲደመር ከእኛ ከጠየቁት ብድር አራት እጥፍ ሆኗል፤ ደረሰኙን አብረን ቆጥረነዋል። ተከራይ እስኪያገኙ ደግሞ ሌላ ሦስት ወር ጠበቁ። ቁጠባቸውን ግን ባለፈው ሚያዝያ ቀጥለዋል። እኔን አልተቀየሙኝም። ቢቀየሙኝ ይቀለኝ ነበር።

ሰብሳቢያችን፣ ሐሳቡ ለድምፅ ይቅረብልኝ። የካቲት ከመድረሱ በፊት ሣጥኑ መከፈት አለበት።