ስለ መመካከርና ስለ መተማመን
በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ኢዮቤልዩ በኦሪት ዘሌዋውያን እንደ ተደነገገ በቀንደ መለከት ድምፅ የሚታወጅ የ50ኛው ዓመት በዓል ነበረ። በዚያም ዓመት የተሸጠው ርስት ለባለቤቱ ይመለስ፣ ስለ ድኽነቱ ራሱን የሸጠውም ሰው ወደ ወገኖቹ ይገባ ነበር። ስለዚህ የኢዮቤልዩ ደስታ በመብልና በመጠጥ ብቻ አይፈጸምም፤ በወንድማማች መካከል የቆየው ዕዳ ሲወርድ ነው እንጂ። በአንድ ደብር ውስጥም ከሁሉ የሚከብደው ዕዳ ያልተነገረ ቅሬታና ያልተገለጠ ሒሳብ ነው።

የዚህ ሰፈር ስሙ መገናኛ ነው፤ ስሙም ከግብሩ ጋራ ይስማማል። ከቦሌና ከገርጂ፣ ከኮተቤና ከሃያ ሁለት የሚመጣው መንገደኛ በዚህ ይገናኛል፤ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የተዘረጋውና በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የባቡር መስመርም በዚሁ ያልፋል። ዳሩ ግን ብዙ ሰው በአንድ ስፍራ መገናኘቱና ብዙ ሰው በአንድ ልብ መሥራቱ የተለያየ ነገር ነው። በማለዳ በመገናኛ የሚሰለፈው ሕዝብ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ይቆማል፤ ነገር ግን አንዱ የሌላውን አሳብ አያውቅም። በአንድ ደብር የሚያገለግሉና የሚገለገሉ ሰዎች እንዲህ ተጠጋግተው ሳይተዋወቁ ቢኖሩ ግን ጉዳቱ ብርቱ ነው።

ካህናት ይህን ትምህርት ከቅዱስ ያሬድ ዜማ ጋራ ተምረውታል። በማኅሌት ጊዜ ቀኝና ግራ ሆነው ይቆማሉ፤ አንዱ ወገን ሲመራ ሁለተኛው ያደምጣል፤ ከዚያም በተራው ይቀበላል። ድምፁ እጅግ ያማረ መሪጌታ እንኳ ወንድሞቹን ሳያዳምጥ ቢቸኩል፣ ከበሮውና ጸናጽሉ ይለያያሉ፤ ማኅሌቱም ይደፈርሳል። ቅዳሴም ቢሆን ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት፣ አምስት ልዑካን ሆነው የሚያገለግሉት እንጂ አንድ ሰው ብቻውን የሚፈጽመው አይደለም።

በነህምያ ዘመን የኢየሩሳሌም ቅጥር በ52 ቀን ተፈጸመ። ሠራተኞቹ በቅጥሩ ላይ ተራርቀው ስለ ነበሩ፣ ቀንደ መለከት የሚነፋው ሰው ከነህምያ አጠገብ ይቆም ነበር፤ ሕዝቡም ድምፁ ወደ ተሰማበት እንዲሰበሰቡ ታዘዙ። ይሁን እንጂ መለከቱ ብቻውን ቅጥሩን አላስፈጸመም። በሥራው መካከል ድሆቹ ባለጸጎች ወንድሞቻቸው በወለድ እንዳስጨነቁአቸው ጮኹ። ነህምያም የሥራው ጊዜ ጠባብ ነው ብሎ አፋቸውን አልዘጋም፤ ጉባኤ ሰብስቦ ባለጸጎቹን ገሠጸ፤ እርሻቸውንና የወይን ቦታቸውንም እንዲመልሱላቸው አስማላቸው እንጂ። የተበደለ ሰው ጩኸቱ ሲሰማለት ድንጋይ ለመሸከም ጕልበት ያገኛል።

የአዲስ አበባ ሕዝብ ይህን ጥበብ በእድሩ ያውቀዋል። የእድር ጥሩምባ በሌሊት ሲነፋ ሰው ከመኝታው የሚነሣው ድምፁ ስለሚበረታ ብቻ አይደለም፤ ጥሩምባው በሐሰት እንደማይነፋ ስለሚያውቅ ነው። አባሉም በየወሩ ጥቂት ገንዘብ ሳይሰስት የሚከፍለው፣ በቤቱ ኀዘን በደረሰ ጊዜ ድንኳኑና ወንበሩ፣ ቀባሪውና አስተዛዛኙ እንደማይጐድልበት ስለሚያምን ነው። ይህም እምነት የሚጸናው ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ሒሳቡን በአባሎች ፊት ሲያስነብቡ ነው። ሒሳቡ ሳይነበብ ቢዘገይ ግን ወሬ ይበዛል፤ ወሬ ሲበዛ ክፍያው ይጐድላል፤ ክፍያው ሲጐድልም ለሐዘንተኛው የሚደርስለት ይታጣል።

በቤተ ክርስቲያንም በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና፣ በ1965 ዓ.ም. ስለ ሰበካ ጉባኤ የወጣው ሕግ ቃለ ዓዋዲ ተባለ፤ ትርጓሜውም የአዋጅ ነጋሪ ድምፅ ማለት ነው። በዚህ ሕግ ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በአንድ ጉባኤ ተቀምጠው ስለ ደብራቸው ይመክራሉ። ካህኑ ሥርዓቱን፣ ነጋዴው ገንዘቡን፣ ግንበኛው ሕንፃውን፣ ወጣቱም የጓደኞቹን ችግር ያውቃልና፣ አንዱ ያላየውን ሌላው ያይለታል። ነገር ግን በአንድ ጉባኤ መቀመጥ ብቻውን አንድ ልብ አያደርግም። በጉባኤ ዝም ብሎ በደጀ ሰላም የሚያማ ሰው የስፍራውን ስም ያፈርሳል።

ምእመኑ የሰጠው አሥራት የት እንደ ደረሰ ሳያውቅ ሲቀር ያዝናል። ካህኑም ሌሊቱን ቆሞ አገልግሎ ሲነጋ በጥርጣሬ ዓይን ሲታይ ያዝናል። የሁለቱም ኀዘን እውነተኛ ነው፤ መድኃኒቱም አንድ ነው፤ ይኸውም ገልጦ መነጋገር ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ቅዱስ ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን ይዞ አልሄደም፤ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ሰው አብሮት እንዲሄድ አደረገ እንጂ። ሐዋርያው ስለ ወንጌል ይህን ያህል መከራ የተቀበለ ሲሆን በሰው ፊትም ነቀፋ እንዳያገኘው ተጠነቀቀ። እንግዲህ ሒሳብ የሚጠይቅ ሁሉ ጠላት አይደለም፤ ሳይጠየቅ ሒሳቡን የሚያቀርብም ራሱን አያዋርድም፤ ክብሩን ይጠብቃል።

ስለዚህ በደብር በኅብረት ለሚሠራ ሥራ ሁሉ አራት ነገር ያስፈልጋል።

1ኛ፤ ሥራው ሳይጀመር ማን ምን እንደሚሠራ ተለይቶ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ።

2ኛ፤ ገቢውና ወጪው በተወሰነ ጊዜ፣ አሮጊቲቱም ሕፃኑም በሚያስተውሉት ቃል በዐውደ ምሕረት ይነበብ፤ የጐደለ ነገር ቢገኝም ወሬ ሳይቀድመው ይነገር።

3ኛ፤ ቅሬታ ያለው ሰው አስቀድሞ ለባለ ጉዳዩ ለብቻው፣ ካልተስማሙም በጉባኤ ይናገር፤ የሚሰማውም ቃሉን እስኪፈጽም ይታገሠው።

4ኛ፤ ጉባኤው መክሮ ከቈረጠ በኋላ አሳቡ ያልጸደቀለት ሰውም ከወንድሞቹ ጋራ ይሥራ። ይህ አራተኛው ከሁሉ ይከብዳል፤ ዳሩ ግን ቃሉ በሚገባ የተሰማለት ሰው ባይረታ እንኳ ለመተባበር አይቸገርም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ትውልድ የሚረከበው ሕንፃውንና ንዋየ ቅድሳቱን ብቻ አይደለም፤ የአባቶቹንም የመመካከር ልማድ ይረከባል። በዚህ በኢዮቤልዩ በዓል የተቀየመ ከተቀየመው ጋራ ቢነጋገር፣ ገንዘብ ያዡም መዝገቡን በደስታ ቢገልጥ፣ ለዚያ ትውልድ ዕዳ የሌለበት ርስት ይቈየዋል።

የሰላም አምላክ እግዚአብሔር ለካህናቱና ለምእመናኑ አንድ ልብና አንድ ምክር ይስጥ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።