ያረጀ ሐውልት ይጠገን ወይስ ይነሳ?
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዘንድሮው የንግግር ተራ ለእኛ ስለደረሰ፣ በከተማችን ስላረጁት ሐውልቶችና ሥዕሎች ጥቂት እንላለን። ምሁር አይደለንም፤ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት የጨረስን ጡረተኛ ጸሐፊ ነን። ነገር ግን ዕድርና ሐውልት ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም የሞተ ሰው እንዳይረሳ የቆሙ ናቸውና።

በመጀመሪያ፣ ሐውልት መንቀል አዲስ ነገር አይደለም። በ1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓሉ ዋዜማ የተመረቀውን የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልት ፋሽስት ኢጣሊያ ነቅሎ ቀበረው፤ ጠላት ሲወጣ ሐውልቱ ከጉድጓድ ወጥቶ ቦታው ላይ ቆመ። የለገሃሩ የይሁዳ አንበሳም ሮማ ድረስ ተወስዶ ከብዙ ዓመት በኋላ ተመለሰ። የሌኒን ሐውልት ግን በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ አብሮ ወደቀ፤ ይመለስ ያለ ሰው አልሰማንም። ሕዝብ የኔ ያለው ከባሕር ማዶም ይመለሳል፤ የኔ ያላለው የቱንም ያህል ቢከብድ አይቆምም።

ታዲያ ያልወደድነውን ሁሉ እናፍርስ ወይ? የለም። በስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ፊት፣ ፋሽስቶች የሥልጣን ዘመናቸውን በየዓመቱ አንድ እርከን እየቆጠሩ የሠሩት ደረጃ አለ። አባቶቻችን አላፈረሱትም፤ ጫፉ ላይ የይሁዳን አንበሳ አስቀመጡበት። ያን ያየ ልጅ ወረራውንም ድሉንም ባንድ ቦታ ይማራል።

በ1977 ዓ.ም. የቆመውን የትግላችን ሐውልትም አንዳንዱ «የደርግ ነው፣ ይነሳ» ይላል። ነገር ግን እዚያው ግቢ በኦጋዴን ጦርነት የወደቁ ኩባውያን መታሰቢያ አለ። እነሱም እናት ነበራቸው። ለገዥ የቆመውን ለሟች ከቆመው መለየት የዕድርተኛ ሥራ ነው።

ሌላው ክርክር የገንዘብ ነው። «ውሃ በፈረቃ እየመጣ ለድንጋይ ብር ይወጣል ወይ?» ይባላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ነው። የሲሚንቶን ስንጥቅ በጊዜው መድፈን ቀላል ነው። ውሃ ከገባ በኋላ ግን ውስጡ ያለው ብረት ይዝጋል፤ ዝገቱ እያበጠ ሲሚንቶውን ይፈነቅለዋል፤ ያኔ ወጪው ሌላ ነው። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀውን የአፍሪካ አዳራሽ እንይ። 150 ካሬ ሜትር የሚሆነው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል አርጅቷል ተብሎ አልተጣለም፤ ከአዳራሹ ጋር ታድሶ በ2017 ዓ.ም. ተከፈተ።

መንገድ ወይም ግንባታ ግድ ሲል ግን ማንሳትም አለ። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ለባቡሩ ሥራ ሲነሳ ብዙ ሰው ሠግቶ ነበር። በብሔራዊ ሙዚየም ተቀምጦ ቆይቶ በ2008 ዓ.ም. ተመለሰ። በመዝገብ ቤት ንብረት ሲወጣ በሞዴል 22፣ ሲገባ በሞዴል 19 ነበር። ወንበር በሞዴል ከወጣ፣ ሐውልት እንዴት በቃል ይወጣል? የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደተረከበ፣ መቼ እንደሚመለስ ተጽፎ፣ ፎቶግራፉም ተያይዞ፣ ለሠፈሩ ሰው ይነገር።

ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ሠፈራቸው ፈርሶ ወደ ከተማው ዳር የሄዱ አባሎች አሉን፤ ለለቅሶ ሁለት ሦስት ታክሲ ይዘው ይመጣሉ። የድሮው ሱቅ የለም፣ የድሮው በር የለም። «ምኒልክ ሐውልት ሥር እንገናኝ» ሲባል ግን ሁሉም ያውቀዋል። እሱም ከጠፋ በምን እንቃጠር?

ስለዚህ ሐሳባችን ባጭሩ ይኸው ነው፦ ለሟች የቆመ ይጠገን፤ ክፉ ዘመን የተወው ማብራሪያ ተጽፎበት ይቆይ፤ መነሳት ያለበትም በመዝገብ ይነሳ። ዕድራችን ይህን በደብዳቤ ለወረዳው እንዲያቀርብ ጉባኤው ቢወስን ረቂቁን ለመጻፍ እጃችን ገና አልደከመም።